የጅማ አቅራቢዎች በማዕቀፍ ጨረታ ለምን ይወድቃሉ?

የተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የጨረታ ገጻችሁ ላይ የማዕቀፍ ስምምነት (በነጠላ ዋጋ ተዋውሎ ዕቃውን በየጊዜው ማዘዝ) ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ከሂርማታ እስከ ፈረንጅ አራዳ ባሉ የጽሕፈት መሣሪያና የጽዳት ዕቃ መደብሮች የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፦ “የተበላ ዕቁብ ነው፤ ሰው ከሌለህ ገንዘብህን አታባክን።” አድልዎ የሚባል ነገር የለም ብለን ልንከራከር አልተነሣንም። የጨረታ ሰነድ ስናዘጋጅና ስንገመግም ከምናያቸው ውድቅ ሰነዶች ግን የሚበዙት ማንም ሳይነካቸው በገዛ ራሳቸው የወደቁ ናቸው። አቅራቢው የወደቀበትን ቦታ ስለማያውቀው በዓመቱ ያንኑ ሰነድ ቀን ቀይሮ ይዞ ይቀርባል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ለእሱም፣ ምክንያቱን ሳያስረዳ ለሚጥለው ገዥ መሥሪያ ቤትም ነው።

የችግሩ ሥር ማዕቀፉን እንደ አንድ ጊዜ ግዥ መቁጠር ነው። በተራ ጨረታ 1,000 ደስጣ ወረቀት ያሸነፈ ሰው 1,000 ያስረክባል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ አለቀ። በማዕቀፍ ስምምነት የሚጸናው ነጠላ ዋጋውና የውሉ ሁኔታ ነው። በፍላጎት መግለጫው ላይ የተጻፈው ብዛት ግምት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ግማሹን ብቻ ሊያዝ ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ከርሞ በጀቱ ሊዘጋ ሲል ሁሉንም በአንድ ሳምንት ሊያዝም ይችላል። አቅራቢው ግን የግዥ ትዕዛዝ በደረሰው ቁጥር በተባለው ቀን ማቅረብ አለበት። ክምችት የሌለው ነጋዴ ሰኔና ሰኞ የሚገጥምበት እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ገዥው ማን እንደሆነና በየትኛው ሕግ እንደሚገዛ ይለይ። የመንግሥት ግዥ አገልግሎት ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በጋራ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን በማዕቀፍ ያጫርታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም የፌዴራል ተቋም ስለሆነ የሚመራው በፌዴራሉ የግዥ ሕግ ነው። ይህም ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ነው፤ የ649/2001ን አዋጅ ፎቶ ኮፒ ይዞ የሚከራከር ተጫራች ግን አሁንም ያጋጥማል። የዞኑና የከተማ አስተዳደሩ ግዥ በኦሮሚያ ክልል ሕግ ሥር ነው፤ ሰነዱም በአፋን ኦሮሞ ሲወጣ ቅጹ የሚሞላው በዚያው ቋንቋ ነው። ለአንዱ የተዘጋጀን ሰነድ ለሌላው ገልብጦ ማስገባት ከጅምሩ መሸነፍ ነው።

የፌዴራሉ መደበኛ የጨረታ ሰነድ ዘጠኝ ክፍሎች አሉት። ብዙው ሰው ከክፍል 1 ይጀምርና የተጫራቾች መመሪያው ሲያሰለቸው በቀጥታ ወደ ዋጋ ሠንጠረዡ ይዘላል። ክፍል 1 እና አጠቃላይ የውል ሁኔታዎችን የያዘው ክፍል 7 ከጨረታ ጨረታ የማይለዋወጡ ናቸው፤ አንዴ በደንብ ያነበበ ሰው ሁልጊዜ አይደግማቸውም። የዚህ ጨረታ የራሱ ነገር ያለው በክፍል 2 የጨረታ ዝርዝር መረጃ ሠንጠረዥ፣ በክፍል 3 የግምገማ ዘዴና መስፈርት፣ በክፍል 6 የፍላጎት መግለጫ እና በክፍል 8 ልዩ የውል ሁኔታዎች ላይ ነው። እነዚህ አራቱ ሰነዱ በተገኘበት ቀን ተነብበው ማለቅ አለባቸው። ምክንያቱም ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ የማብራሪያ ጥያቄ የሚቀርብበት ቀን ከመዝጊያው ቀደም ብሎ ያልፋል። ያ ቀን ካለፈ በኋላ የገባውን ጥያቄ በሰነዱ ውስጥ “ይህ ከሆነ ብቻ ነው የምናቀርበው” ብሎ መጻፍ ቅድመ ሁኔታ ያለው ሰነድ ያደርገዋል፤ ያ ደግሞ ውድቅ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንግባ፤ አብዛኛው ሰው ዋጋ የሚሞላው ከአዲስ አበባ መርካቶ በስልክ የተነገረውን ወስዶ ትርፍ በመጨመር ነው። በኤ4 ወረቀት እናሳይ፤ የብር ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው። የአንድ ደስጣ መግዣ ያለ ቫት 600 ብር ይሁን። 80 ግራም የሆነ 500 ቅጠል ወረቀት ክብደቱ 2.5 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አንድ ኩንታል 40 ደስጣ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ ላለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የጭነት ዋጋ በኩንታል 300 ብር ቢሆን ለአንድ ደስጣ 7.50 ብር ይደርሳል፤ መጫኛና ማውረጃ በኩንታል 80 ብር ቢሆን ሌላ 2 ብር። የዋስትናና የሰነድ ወጪ 3 ብር እንበል። ከዚያ ብዙዎች የሚረሱት ይመጣል፤ ዕቃው ከገባ በኋላ ክፍያው 60 ቀን ቢቆይና የባንክ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ቢሆን 600 ብሩ 17.75 ብር ወለድ ይወልዳል። ይህ ሁሉ ሲደመር 630.25 ብር ነው። በመግዣው ላይ 5 በመቶ ትርፍ ማለትም 30 ብር ሲታከልበት 660.25 ብር ይሆናል።

እስካሁን ያለው ዕቃውን ጅማ መጋዘን ማድረስ ነው። ማስረከቢያው ቦታ አጋሮ ያለ ቅርንጫፍ ቢሆንና ለ45 ኪሎ ሜትሩ ገደማ አንድ ፒክአፕ 3,000 ብር ቢጠይቅ፣ 500 ደስጣ ሲታዘዝ ለእያንዳንዱ 6 ብር ነው። 20 ደስጣ ሲታዘዝ ግን 150 ብር፤ ትርፉን አምስት ጊዜ የሚበላ። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚፈለገው መረጃ አነስተኛው የትዕዛዝ መጠን ስንት ነው፣ ማስረከቢያዎቹስ የት የት ናቸው የሚለው ነው። በክፍል 6 ወይም በክፍል 8 ከሌለ በማብራሪያ ጥያቄ ይጠየቅ። መልሱ “አነስተኛ መጠን የለም” ከሆነ ሁለቱን ዓይነት ትዕዛዝ አመዛዝኖ ዋጋው ውስጥ ማስገባት ነው። ክፍያውም 60 ቀን ሳይሆን 120 ቀን ቢፈጅ ወለዱ 35.50 ይሆንና ከ30 ብሩ ትርፍ የሚቀረው 12.25 ብር ብቻ ነው። ዊዝሆልዲንግ (ገዥው ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚቀንሰው ግብር) ከዓመቱ ግብር የሚታሰብ ስለሆነ ወጪ አይደለም፤ ነገር ግን እጅ ላይ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ያሳንሳል፣ ተከታዩን ትዕዛዝ ለመግዛት የታሰበውን ገንዘብ።

ቫትን በተመለከተ የዋጋ ሠንጠረዡ ለታክስ የተለየ ዓምድ ካለው ነጠላ ዋጋው ያለ ቫት ይሞላል። ቫት ያካተተ ዋጋ በነጠላ ዋጋ ዓምድ ያስገባ ተጫራች በ15 በመቶ ተወድዶ ይታያል፤ 660 ብሩ 759 ሆኖ ይወዳደራል። ነጠላ ዋጋና ድምር ካልተስማሙ የሚጸናው ነጠላ ዋጋው ነው፤ አንድ አሃዝ ተሳስቶ ቢጻፍ ዓመቱን ሙሉ የሚታዘዘው በዚያ ዋጋ ነው። ባዶ የተተወ መስመርም አደገኛ ነው። አንድ ሎት (በአንድ ላይ የሚጫረት የዕቃ ምድብ) ውስጥ ያሉት ዕቃዎች በሙሉ መሞላት አለባቸው ከተባለ አንድ የጎደለ ስቴፕለር ሽቦ ሎቱን በሙሉ ያስጥላል።

ሌላ የተለመደ ብልጠት አለ፤ ግምቱ ብዙ በሆነ ዕቃ ላይ ዋጋ ሰብሮ፣ ጥቂት በሆነው ላይ ሰቅሎ ድምሩን ዝቅ ማድረግ። በአንድ ጊዜ ግዥ አንዳንዴ ያዋጣ ይሆናል። በማዕቀፍ ግን ገዥው የሚያዘው የሚፈልገውን ነው፤ የተሰበረበትን ወረቀት ደጋግሞ ያዝና የተሰቀለበትን ዕቃ ጨርሶ ላይጠይቅ ይችላል።

የዋጋው ነገር ሲነሣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መዘንጋት የለበትም። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅቀው በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቶነር፣ ጎማ ወይም ኮምፒዩተር በማይለወጥ ዋጋ ፈርሞ ክምችት ያልያዘ አቅራቢ የነበረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ከስሮ ማቅረብ፣ አለዚያም የውል ማስከበሪያውን (ውሉን ለመፈጸም ያስያዘውን ዋስትና) አስወርሶ ከመንግሥት ጨረታ የመታገድን አደጋ መቀበል። ስለዚህ ክፍል 8 ላይ ዋጋው ጽኑ ነው ወይስ ይስተካከላል፣ ከስንት ወር በኋላ፣ በምን ማስረጃ የሚለው ሳይነበብ ዋጋ አይሞላ። ዋጋው ጽኑ ከሆነና የማዕቀፉ ዘመን ከአንድ ዓመት የሚያልፍ ከሆነ፣ ከውጭ የሚገባን ዕቃ በጠባብ ትርፍ ከማሸነፍ አለመወዳደሩ ይሻላል። ይህን ስንል “ተስፋ አታስቆርጡን” የሚሉን አሉ፤ አቋማችን ግን አይለወጥም።

ወደ ቴክኒኩ ስንመጣ ትልቁ ጠላት “ያሟላል” የምትለው ቃል ናት። የተጠየቀው መግለጫ በግራ፣ የሚቀርበው በቀኝ የሚሞላበት ሠንጠረዥ ላይ ከላይ እስከ ታች “ያሟላል፣ ያሟላል” ተብሎ ሲሞላ ገምጋሚው ነጥብ የሚሰጥበት ነገር አያገኝም። የተጠየቀው “ቢያንስ 1,500 ገጽ የሚያትም ቶነር” ከሆነ መልሱ “ኤችፒ 85ኤ፣ 1,600 ገጽ፣ በአይኤስኦ 19752 መለኪያ፣ ካታሎግ ገጽ 3” ተብሎ ይጻፋል፤ ካታሎጉ ላይም ያች መስመር በቀለም ይሰመርባታል። ገምጋሚ ኮሚቴ በአንድ ቀን የብዙ ሰው ሰነድ ያገላብጣል፤ ፈልጎ እንዲያገኝልዎ አይጠብቁ።

ናሙና ደግሞ አይዋሽም። 80 ግራም ተብሎ የቀረበ ወረቀት ሚዛን ላይ ሲወጣ 2.5 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። 2.2 ኪሎ ገደማ ከሆነ 70 ግራም ነው፤ ማሸጊያው ላይ የፈለገው ይጻፍ። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የኩሽና ሚዛን የሚያስቀምጥ ባለሙያ እየበዛ ነው፤ ደግ አድርጓል። በናሙናው ያለፈ ሰውም ዕረፍት የለውም፤ በማዕቀፉ ዘመን የሚመጣው እያንዳንዱ ጭነት ከዚያው ከታሸገው ናሙና ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ ለናሙና ምርጡን፣ ለማስረከቢያ የተገኘውን የሚለው ዘዴ ዕቃውን ከግቢው በር ላይ ያስመልሳል። የመመለሻው ጭነት ሒሳብም የአቅራቢው ነው።

የጨረታ ማስከበሪያ፣ ማለትም ተጫራቹ ከጨረታው እንዳይሸሽ የሚያስይዘው ዋስትና፣ በየጊዜው የሚጥል ነገር ነው፤ ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ የቀን ቆጠራ ነው። ዋስትናው ሰነዱ ጸንቶ ከሚቆይበት ጊዜ በላይ በተለምዶ 28 ቀን እንዲጸና ይጠየቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር ክፍል 2 ላይ አለ። ጨረታው መጋቢት 1 ቀን የሚዘጋና ሰነዱ ለ60 ቀን የሚጸና ከሆነ እስከ ግንቦት 1 ይሄዳል፤ 28 ሲታከልበት ዋስትናው ግንቦት 29 መድረስ አለበት። የካቲት 20 ባንክ ሄዶ “ለ60 ቀን” ያስጻፈ ሰው ዋስትናው ሚያዝያ 20 ይቃጠላል፤ 39 ቀን ይጎድለዋል። ባንኩ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጽፍ ቀኑን አስተካክሎ ማስቆጠር የተጫራቹ ሥራ ነው፤ በተለይ ጳጉሜን የሚያቋርጥ ከሆነ። “ለይህን ያህል ቀን” ከማለት “እስከ እንዲህ ያለ ቀን” ብሎ በሁለቱም አቆጣጠር ማስጻፍ ይበጃል። ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) የዚህ ዓይነት ጣጣ ያንሰዋል፤ ገንዘቡ ግን ለወራት ታስሮ ይቀመጣል። የኢንሹራንስ ዋስትና የሚያስገቡ ደግሞ ሰነዱ “በሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ” ይላል ወይስ አይልም የሚለውን ይዩ። ጥቃቅንና አነስተኛ ሆነው የተደራጁ ማኅበራት ካደራጃቸው አካል የሚያመጡት የዋስትና ደብዳቤ የጨረታውን ቁጥርና የገዥውን መሥሪያ ቤት ሙሉ ስም መያዝ አለበት። “ለሚመለከተው ሁሉ” የሚል ደብዳቤ ለጨረታ አይሆንም።

የልምድ ማስረጃም እንዲሁ ነው። “ድርጅቱ በመልካም ሁኔታ አቅርቦልናል” የሚል ባለሁለት መስመር ደብዳቤ መስፈርቱ “ባለፉት ሦስት ዓመታት ቢያንስ ይህን ያህል ብር የሚያወጣ ተመሳሳይ አቅርቦት” ሲል ምንም አያረጋግጥም። ደብዳቤው የውሉን ቁጥር፣ የዕቃውን ዓይነት፣ የብሩን መጠን፣ የተጀመረበትንና የተጠናቀቀበትን ቀን መያዝ አለበት። ይህን ማስጻፍ የሚቀለው ርክክቡ ባለቀበት ሳምንት፣ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) በእጅ እያለ ነው፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ የግዥ ኃላፊው ከተቀየረ በኋላ ማስጻፍ ሌላ ጨረታ ነው። የአምራች ፈቃድ (አምራቹ ዕቃውን እንዲያቀርቡ የሚፈቅድበት ደብዳቤ) ሲጠየቅ ደግሞ ከአከፋፋዩ ሳይሆን ከአምራቹ፣ በዚህ ጨረታ ቁጥር የተጻፈ መሆን አለበት። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ለውጭ አምራች ኢሜይል መጻፍ የጀመረ ሰው በአብዛኛው አይደርስበትም።

የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓቱ ከመጣ ወዲህ ከጅማ ተነሥቶ ሰነድ ለማስገባት አዲስ አበባ ማደር ቀርቷል፤ ይህ ለእኛ ከተማ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አሁን የሚወድቁት በመጨረሻዋ ሰዓት ፋይል ሲጭኑ መብራት የሚጠፋባቸው ናቸው። ረቂቁን ማስቀመጥና ማስገባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ማረጋገጫው ሳይታይ ከማሽኑ አይነሡ። ከአንድ ቀን በፊት መጨረስ ያስፈልጋል። ሰዓቱ 10፡00 ተብሎ በአውሮፓ ከተጻፈ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት የመሰላቸው አሉ። የቴክኒክና የፋይናንስ ሰነድ በተለያየ ቦታ ሲገባ ደግሞ ዋጋ ያለበት ፕሮፎርማ ቴክኒኩ ውስጥ እንዳይገባ አንድ ሌላ ሰው ገልጦ ይመልከተው። ያች አንዲት ገጽ ብቻ ሙሉ ሰነድ ታስጥላለች።

ለገዥ መሥሪያ ቤቶችም የምንለው አለን፤ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በፍላጎት መግለጫው ላይ ግምቱን ስታስቀምጡ ያለፈውን ዓመት ትክክለኛ ትዕዛዝ አብራችሁ አያይዙ፤ ስንት ጊዜ፣ በየስንት ብዛት፣ የት እንደታዘዘ። መረጃው ግምጃ ቤታችሁ ውስጥ በሞዴል 19 ተመዝግቦ አለ። ይህ በማይታወቅበት ጊዜ አስተዋዩ ተጫራች ሥጋቱን ዋጋ ላይ ይጭነዋል፤ ግዴለሹ ሰብሮ ያሸንፍና በአራተኛው ወር ስልክ ማንሣት ያቆማል። በሁለቱም መንገድ የሚከፍለው መንግሥት ነው። አነስተኛ የትዕዛዝ መጠን መወሰንም ገንዘብ አይጠይቅም። ወረቀት፣ ቶነርና የቢሮ ወንበር በአንድ ሎት ማጨቅስ ለማን ይጠቅማል? የወንበር አምራች ቶነር የለውም፤ በመጨረሻ የሚወዳደሩት ከሦስቱም አንዱን የማያመርቱ ሦስት ደላሎች ይሆናሉ።

ውድቅ ያደረጋችሁትን ደግሞ “መስፈርቱን ባለማሟላትዎ” ብላችሁ አትሸኙት። የትኛው ክፍል፣ የትኛው አንቀጽ፣ ከሰነዱ የትኛው ገጽ እንደጎደለ ይጻፍ። በቃለ ጉባኤያችሁ ላይ ስላለ ከዚያው የሚገለበጥ ነው። ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር አጭር ስለሆነ፣ ምክንያቱን ለማወቅ ሲመላለስ ቀኑ ያለፈበት ተጫራች “የተበላ ዕቁብ ነው” ቢል አይፈረድበትም።

ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለን። የጨረታ ማሻሻያና የማብራሪያ ማስታወቂያዎች ከዋናው ማስታወቂያ ባነሰ ፊደል በገጹ ጥግ ሲወጡ እናያለን። የመዝጊያ ቀን፣ የዋስትና መጠን ወይም የዕቃ ዝርዝር የሚቀየረው በእነዚያ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ማስታወቂያ የወጣበት ዕትም ቀንና የጨረታው ቁጥር በጉልህ ቢታተምባቸው ከአዲስ አበባ ርቆ ጋዜጣውን አንድ ቀን ዘግይቶ ለሚያገኝ አንባቢ ትልቅ ውለታ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በጨረታ ሰነድ ዝግጅትና ግምገማ ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች
ከጅማ